በሕግ አምላክ፤ ስለ እንግዳ ማደሪያ ቤትና ስለ አዲሱ ሥርዓት

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ባስተማረው ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ሰው አለ። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን መንገደኛ ካህኑና ሌዋዊው አይተው እንዳለፉት፣ ሳምራዊው ግን ቁስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ በራሱ አህያ ላይ እንደ ጫነው ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ሳምራዊው በማግሥቱ መንገዱን ሲቀጥል ቁስለኛውን ለማን አደራ ሰጠው? ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ነው። ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያም በላይ ቢያወጣ በተመለሰ ጊዜ እንደሚከፍለው ነገረው። መተርጕማን አባቶቻችን ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፣ ባለቤቱን በመምህራን፣ ሁለቱን ዲናሮች በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መስለው ያስተምሩናል። ምሥጢሩ ይህ ሲሆን፣ ምሳሌው በቁሙ ሲነበብም አንድ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም ገንዘብ እየተቀበለ እንግዳ የሚያሳድር ሰው የሰው ሕይወት አደራ ሊጣልበት የሚችል የታመነ ሰው መሆን እንደሚቻለው ነው።

በሀገራችን እንግዳን መቀበል ከጥንት የኖረ ሥርዓት ነው። መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ የደረሰ መንገደኛ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ባለ ጊዜ እግሩ ይታጠብለት፣ መደብ ይለቀቅለት፣ ካለውም ይቀርብለት ነበር። ከተማ ሲሰፋና መንገደኛ ሲበዛ ግን ይህን አገልግሎት በዋጋ የሚሰጥ ቤት አስፈለገ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠጅ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ መጠጥ እየሸጠ ቡና ቤት የሚባለው ቤት፣ ግሮሰሪው፣ ሆቴሉና የሌሊት ዳንስ ቤቱ ተራ በተራ መጡ። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የከተማው ክፍል ቀስ በቀስ የእንግዳ ሰፈር ሆነ። ዛሬ ከቦሌ መንገድ ጀምሮ እስከ ገርጂ፣ እስከ ሲኤምሲና እስከ አያት ድረስ፣ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማም ጭምር፣ መብልና መጠጥ የማይሸጥበት ጎዳና ማግኘት ያስቸግራል።

በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ዙሪያ ያለውን የእሑድ ንጋት ያየ ሰው ይህን ነገር ይረዳዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ኪዳን የሚገሰግሱ እናቶችና ሌሊቱን በዳንስ ቤት አሳልፈው የሚወጡ ወጣቶች በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። አንዱ ወገን ቀኑን ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል። ይህን አይቶ ማዘን ቀላል ነው፤ መቈጣትም ቀላል ነው። የሚከብደው በሁለቱ መካከል ቆሞ በሩን የሚዘጋውን ሰው፣ ማለት የቤቱን ባለቤትና ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን አስተናጋጅ፣ ምን ማድረግ እንደሚገባው ማስተማር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ የሚወጣው ሕግ እየጠበቀ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ አዘዘ፤ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ትምባሆ ማጤስንም አገደ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በመጠጥና በትምባሆ ላይ ከባድ ግብር ጣለ። ስለ ድምፅም ቢሆን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አለ፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነውም ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህም የሌሊቱ ልክ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ከሚሰማው እምብዛም የማይበልጥ ነው። ከዚህም ሌላ የንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫና የጤና ምርመራ አለ። እንግዲህ ትናንት ያለ ጥያቄ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ በብዙ አጥር ተከቧል።

አሁን አንድ ሰው በአሳባችን እናቁም። ይህ ሰው በቦሌ በአንድ መንገድ ዳር ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት ቤት አለው፤ አሥራ አምስት ሠራተኞች በእርሱ ሥር ያድራሉ፤ ጾም ይጾማል፣ ልጆቹንም ያስቈርባል። ይህ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው። 1ኛ፤ «አባቴ፣ እንጀራዬ የተረገመ ነውን?» 2ኛ፤ «ጎረቤቴ ሕጉን እየጣሰ ቤቱ ሲሞላ፣ እኔ ሕጉን ጠብቄ ቤቴ ባዶ ሲሆን፣ ለብቻዬ መታዘዜ ምን ይጠቅማል?» 3ኛ፤ «ተቈጣጣሪው መጥቶ በቃል ሳይሆን በዓይኑ ገንዘብ ቢጠይቀኝ ምን ላድርግ?» ሦስቱም ጥያቄዎች የእውነት ጥያቄዎች ስለ ሆኑ በተግሣጽ ብቻ ልናልፋቸው አይገባም።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ። ወይን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ውኃውን ወይን አድርጎታል፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን እንደ ቀረ፣ ሎጥም በስካር ምን እንዳገኘው ሳይሸፍን ይነግረናል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ወይን ከእግዚአብሔር፣ ስካር ግን ከዲያብሎስ መሆኑን ለይቶ አስተምሯል። እኛም ብንሆን በጽዋ ማኅበራችን ጠላ የምንቀዳ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ መጠጡን በደፈናው ረግመን ሻጩን ብንኰንን በራሳችን ጽዋ ላይ መፍረዳችን ነው።

ልዩነቱ ያለው መጠጥ በመሸጥና ስካር በመሸጥ መካከል ነው። ነቢዩ ዕንባቆም ወዮታውን ያወረደው ባልንጀራውን አስክሮ ኀፍረቱን ለማየት በሚያጠጣው ሰው ላይ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ራሱን የሚመረምርበት ሚዛን ይህ ይሁን፤ «ትርፌ የሚመጣው ከእንግዳዬ ደኅንነት ነው ወይስ ከእንግዳዬ ጥፋት?» እንግዳው አንደበቱ ሲተሳሰር፣ የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሣ፣ የልጆቹን የወር ቀለብ ከኪሱ አውጥቶ ሲቈጥር፣ በዚያች ሰዓት ሌላ ብርጭቆ የሚቀዳ እጅ መጠጥ ሻጭ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆኗል። በዚያች ሰዓት «ይበቃዎታል ጌታዬ፣ ታክሲ ልጥራልዎ» የሚል ሰው ግን ያ የወንጌሉ የእንግዳ ማደሪያ ባለቤት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮቹ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሥራችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አትለፉ አላቸው እንጂ። ለዚህ ሰውም የሚሰጠው መልስ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ የሕግን ነገር ከሥሩ የሚጠይቅ ነውና። ሕግ በር መዝጋት ይችላል፤ በሩን የሚጠብቀውን ሰው ልብ ግን መክፈት አይችልም። ይህን ከራሳችን ታሪክ እንማር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በደርግ ዘመን ለብዙ ዓመታት ሰዓት እላፊ ታውጆ ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲገባ ታዞ ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ አንዳንድ የዳንስ ቤቶች በራቸውን ዘግተው፣ ሙዚቀኛውና እንግዳው አብረው ተዘግቶባቸው እስከ ንጋት ያድሩ ነበር። ሌሊቱን ለማሳጠር የወጣ ሕግ ለእነዚያ ሰዎች ሌሊቱን አስረዘመው። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ሆኗል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሸጥ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቢከለከልም ንግዱ ወደ ስውር ቤትና ወደ ወንበዴ እጅ ገባ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ በብዙ ክፍላተ ሀገር መጠጥ ቤት ከቀትር በኋላ በስድስት ሰዓት እንዲዘጋ፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ለ12 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ቢታዘዝ፣ ሠራተኛው ከሥራ እንደ ወጣ በቀረችው አንዲት ሰዓት ውስጥ የሌሊቱን ያህል ጨልጦ ይወጣ ጀመር።

ይህን የምንናገረው ሕግ አይጠቅምም ለማለት አይደለም፤ ከቶ አይሁን። የ21 ዓመቱ ድንበር የልጆቻችን አጥር ነው፤ የጭሱም ክልከላ ሌላ ሥራ አጥታ በዚያ ቤት የምታድረውን የአስተናጋጇን ሳንባ ይጠብቃል። ማለታችን ሕግ በሰው ኅሊና ውስጥ ወዳጅ ካላገኘ ለብቻው ይደክማል ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በገበያ መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት መበለት እንኳ ብትሆን፣ «በሕግ አምላክ!» ስትል በትሩን ያነሣው ሰው ባለበት ይቆም ነበር። በአጠገቡ ዳኛ የለም፣ ወታደርም የለም። ያቆመው ሕጉ አይደለም፤ የሕጉ አምላክ ነው። ሐዋርያውም ለሮም ምእመናን በጻፈው መልእክት ለባለ ሥልጣን መታዘዝ የሚገባው ቍጣውን ስለ መፍራት ብቻ ሳይሆን ስለ ኅሊናም ጭምር መሆኑን ያስተማረው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ሰው መልሱ ምንድር ነው? «ሕጉን ጠብቅ፣ ገበያህም ይሞላል» ብለን አንዋሸው። ምናልባት ለጊዜው ይጐድልበት ይሆናል፤ ምናልባትም ከሠራተኞቹ የሚያሰናብተው ይኖር ይሆናል። ይህ እውነተኛ ጕዳት ነው፤ በቃል ብቻም አይሽርም። ነገር ግን የጎረቤቱን ልጅ በ17 ዓመቱ አስክሮ ከሚሞላ ቤት በቀትር እንጀራ የሚበላበት ቤት ይሻላል። ደግሞም መንገድ አለ። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ በር ነው፤ አዲስ አበባም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ መንግሥታት መሰብሰቢያ ናት። ከሩቅ ሀገር ደክሞ የመጣ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ንጹሕ አልጋና ጸጥታ ነው፤ ጸጥታም ዋጋ ያለው ሸቀጥ ነው። በዓመት ውስጥ ከግማሽ የማያንሰው ጊዜ ለሚጾም ሕዝብ በንጽሕና የተሠራ የጾም ምግብ፣ የተፈላ ቡና፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ለልጆችና ለእናቶች የሚሆን ቦታ የሚያዘጋጅ ቤት ከመጠጥ ብቻ ከሚኖር ቤት ይልቅ ሕግ በተለወጠ ቍጥር አይናወጥም። አንድ እግር ብቻ ያለው በርጩማ በትንሽ ግፊት ይወድቃልና።

በዚህ ላይ ባለቤቱ ለአስተናጋጆቹ ያለበትን ዕዳ ማሰብ ይገባዋል። አንድ ወጣት በመልኩ 19 ዓመት የሚሆነው፣ የባለጸጋ ልጅ፣ መታወቂያ አምጣ ሲባል የሚቈጣ፣ ጠረጴዛ ይዞ ተቀመጠ እንበል። አስተናጋጇ የምትኖረው ከደመወዟ ይልቅ እንግዳ በሚተውላት ጉርሻ ነው። እምቢ ብትለው ጉርሻዋ ይቀራል፤ ምናልባትም ትሰደባለች። ብትቀዳለት ሕግ ታፈርሳለች። በዚህች ሰዓት ባለቤቱ ከኋላ ገንዘብ ሲቈጥር ቢገኝ ኃጢአቱ የእርሷ ሳይሆን የእርሱ ነው። መጥቶ በአጠገቧ ቆሞ «በዚህ ቤት ሥርዓቱ ይህ ነው፤ የከለከልሁት እኔ ነኝ» ቢል ግን ሕጉን ከወረቀት ወደ ሰው አወረደው ማለት ነው። ሥርዓትን በደካማው ትከሻ ላይ ጭኖ ራስን ከኋላ መደበቅ ፍርድን ማጣመም ነውና።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ። «የሻይ» እየተባለ በስውር የሚሰጥ ገንዘብ የሰጪውንም የተቀባዩንም እጅ ያረክሳል። ሰጪው ቤቱን ከመታሸግ ያዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሕጉን ለክፉ ቀን ራሱ እንዳይጠራው አድርጎ ሸጦታል። ዛሬ ገንዘብ ሰጥቶ ድምፁን ከልክ በላይ የከፈተ ሰው፣ ነገ ሌላው ከጎኑ የባሰ ቢከፍትበት «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚጮኽበት አንደበት ከወዴት ያመጣል? ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ጉድለት ካለብህ ጉድለትህን አስተካክል፤ የተጣለብህ መቀጮ ካለ በደረሰኝ ክፈል፤ ያለ አግባብ ከተጠየቅህ ግን እንቢ በል፤ ብቻህን አትቁም፣ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋራ በግልጽ አቤት በል።

ነገር ግን ፍርዳችን በሻጩ ላይ ብቻ ቢሆን ሚዛናችን ይዛባል። ጉቦ የሚበቅለው ሕግ ባልታወቀበት፣ ጊዜ ባልተሰጠበትና ለሁሉ እኩል ባልሆነበት መሬት ነው። ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ወንበር አኑራ የምትሸጥ ባለ ግሮሰሪ ግን ጋዜጣውን ከወዴት ታገኘዋለች? ሳታውቀው አንድ ቀን በሯ ላይ ማሸጊያ ተለጥፎ ታገኛለች። ስለዚህ ሕግ የሚያስፈጽም ሰው ሦስት ነገር ይገባዋል፤ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ለማስተካከያ የሚበቃ ቀን መስጠት፣ ባለ ብዙ ፎቁን ሆቴልና ትንሿን ግሮሰሪ በአንድ ሚዛን መመዘን። እነዚህ ሳይኖሩ የሚመጣ ቅጣት ኅሊናን አያነቃም፤ መሸሸግን ያስተምራል እንጂ። እነዚህ ኖረው ሳለ ያጠፋ ሰው ግን ቢቀጣ አይታዘንለትም።

አንዳንድ ሰው «መጠጥ ቤት ቢዘጋ ለእኛ ምን ገዶን!» ሲል እንሰማለን። ይህ ቃል ከመንፈሳዊ ቅናት የወጣ ቢመስልም ርኅራኄ የጐደለው ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ወረርሽኝ በአዲስ አበባ የሌሊት ዳንስ ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፣ የትእዛዙ ተገቢነት የማያጠራጥር ሆኖ ሳለ፣ የዕለት ጉርሻቸው የተቋረጠባቸው አስተናጋጆች፣ ዘበኞች፣ ዕቃ አጣቢዎችና ሙዚቀኞች ከእነዚያ በሮች በስተጀርባ ነበሩ። በዚያ ወራት እኛም ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ርቀን በየቤታችን እንድንጸልይ ተነግሮን ነበርና፣ በር ሲዘጋ ምን እንደሚሰማ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባን ነበር። ሕግ ሲለወጥ የሚናወጠውን ሰው ማገዝ ለስካር መራራት አይደለም፤ ለፍትሕ መቆም ነው።

ታዲያ እኛ ካህናትና ምእመናን ምን ማድረግ እንችላለን? ብዙ እንችላለን። በየአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕግ የተማሩ፣ ሒሳብ የተማሩ፣ ጤና አጠባበቅ የተማሩ ወጣቶች አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው አዋጁን ለባለ ግሮሰሪዋና ለባለ ሆቴሉ በሚገባ ቃል ቢያነቡላቸው፣ ምን እንደ ተከለከለና ምን እንደ ተፈቀደ ቢያስረዷቸው፣ ይህ ከምጽዋት አንዱ ነው። የንስሐ አባቶችም በዚህ ሥራ ያሉ ልጆቻቸውን እንደ ጠፉ ቈጥረው ከመሸሽ ይልቅ በግልጽ እየጠየቁ ቢመክሯቸው መልካም ነው። ከእነርሱ ብር ስለት ሲመጣ፣ ለሕንፃው ማሠሪያ አሥራት ሲገባ፣ እንቀበላለን፤ ሰውየውን ግን በልባችን እንንቃለን። ገንዘቡን ተቀብሎ ባለ ገንዘቡን መናቅ ምን ይባላል? ወይ ገንዘቡ ከጥፋት የመጣ ነው ብለን በፍቅር እንመልስለት፤ ወይም ከተቀበልን ሰውየውን እንደ ልጅ ተቀብለን እናስተምረው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብንሸፍነው ደስ ባለን ነበር። ስለ ድምፅ የወጣው ሕግ ለዳንስ ቤት ብቻ አልወጣም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ርስት ሁሉ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ጩኸት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ሲያዝ ዳንስ ቤቱን ከጸሎት ቤት አልለየም። እኛ በድምፅ ማጉያ ስብከቱን ከዐውደ ምሕረት አልፎ እስከ ሩቅ መንደር ስናሰማ፣ በዚያ መንደር የታመመ ሰው፣ አራስ፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ያሸለበ ዘበኛ እንዳለ እናስባለንን? ጸሎት ከዘፈን ጋራ አይመዛዘንም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሐና በሴሎ ልቧን ባፈሰሰች ጊዜ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋም አልተሰማም፤ እግዚአብሔር ግን ሰማት። የጎረቤታችንን የዳንስ ቤት ባለቤት «ድምፅህን በልክ አድርግ» ብለን በድፍረት የምንናገረው የእኛን ማጉያ በልክ ያደረግን ዕለት ነው። ያን ጊዜ «በሕግ አምላክ» ስንል ቃላችን ከአንገት በላይ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። ሳምራዊው ቁስለኛውን አደራ ሰጥቶ ሲሄድ ማደሪያውን የሚቈጣጠር ሰው አላቆመም። ባለቤቱ ሁለቱን ዲናር ወስዶ ቁስለኛውን በሌሊት ከደጅ ሊጥለው ይችል ነበር። የጠበቀው ከራሱ ኅሊናና ሳምራዊው ይመለሳል ከሚለው ተስፋ በቀር ሌላ አልነበረም። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት በየምሽቱ በሩን የሚከፍት ባለ ሆቴልም እንዲሁ ነው። ተቈጣጣሪው በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣል፤ የቀረውን ሌሊት ሁሉ እርሱና ኅሊናው ብቻቸውን ናቸው። በዚያች ሰዓት ከጠረጴዛው ዳር የተቀመጠው የሰው ልጅ አደራ መሆኑን ያስታውስ ዘንድ እንርዳው፤ እኛም በጎረቤትነታችን አደራውን እንጠብቅ። ያ የሰጠን ባለ አደራ ተመልሶ ሲመጣ የተረፈውን ሁሉ ይከፍላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።